የኪልስዊች ኢንጌጅ ሁለቱ የመጀመሪያ አልበሞች፣ ጅማ ላይ ሲደመጡ

ኪልስዊች ኢንጌጅ የተባለው የአሜሪካ የሜታልኮር (ፓንክንና ሄቪ ሜታልን የሚያቀላቅል ከባድ ሙዚቃ) ባንድ እ.ኤ.አ. በ2000 እና በ2002 ያወጣቸውን የመጀመሪያዎቹን ሁለት አልበሞች፣ ዝናቡ ከገባ ጀምሮ ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ በሚገኘው ቤቴ ስመላለስባቸው ሰንብቻለሁ። የምተዳደረው ለሰርግ፣ ለምርቃትና ለመሳሰለው ድግስ የድምፅ መሣሪያ በማከራየትና በማስተካከል ስለሆነ፣ አንድን ቅጂ ስሰማ ጆሮዬ አስቀድሞ የሚሄደው ከበሮው የት እንደተቀመጠ፣ ባሱ ከጊታሩ ተለይቶ ይሰማ እንደሆነ፣ የዘፋኙ ቃል ከመሣሪያው በላይ ወጥቶ እንደሆነ ለማጣራት ነው፤ ግምገማዬም በአመዛኙ ከዚሁ ወገን ነው። ፍርዴን ከወዲሁ ለመናገር፣ «አላይቭ ኦር ጀስት ብሪዚንግ» የተሰኘው ሁለተኛው አልበም ከባድ ሙዚቃ ሰምቶ ለማያውቅ ሰው እንኳ ሳላመነታ የምመክረው ሥራ ነው። በባንዱ ስም ብቻ የተሰየመውን የመጀመሪያውን አልበም ግን ሁለተኛውን ሰምቶ «እነዚህ ሰዎች እዚህ የደረሱት በየት በኩል ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢገዛው ይሻላል።

ሙዚቃውን መጀመሪያ ያገኘሁት በሲዲ አልነበረም። እዚሁ ከተማ ካለ አንድ ሱቅ ሜሞሪ ካርድ ላይ አስጭኜው ነበር፤ ፋይሎቹ ከመጠን በላይ ተጨምቀው የሲምባሉ ድምፅ እንደ ፈላ ውኃ ይንሿሿ ነበር፣ ዘፈኖቹ በአልበሙ ቅደም ተከተል ሳይሆን በስማቸው ፊደል ተራ ተደርድረው ነበር፣ ሁለቱ ደግሞ ሳያልቁ ከመሐል ይቆረጡ ነበር። በዚያ ቅጂ ብቻ ብፈርድ ኖሮ «ጩኸት ነው» ብዬ እተወው ነበር። ይህን የማነሣው ሱቁን ለመውቀስ አይደለም፤ በዚህ መንገድ ሰምተው የጠሉት ብዙ ወጣቶች እንዳሉ ስለማውቅ፣ የጠሉት ሙዚቃውን ሳይሆን ፋይሉን ሊሆን እንደሚችል እንዲያስቡበት ነው። በኋላ የእህቴ ልጅ ከአሜሪካ ስትመጣ ሁለቱንም በሲዲ አመጣችልኝ። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ሲዲዎቹን በራሴ ሚክሰርና ለሰርግ በማወጣቸው ሁለት ስፒከሮች አጫውቼ ስለሰማሁት ነው።

ስለ ባንዱ አመጣጥ ጥቂት ሳይሉ ስለ ድምፁ መናገር አይቻልም፤ ድምፁ የተወለደው ከዚያ አመጣጥ ነውና። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1999 የተመሠረተው በማሳቹሴትስ ግዛት ምዕራባዊ ክፍል በምትገኘው ዌስትፊልድ ነው። ዌስትፊልድ ወደ 40 ሺህ ሕዝብ የሚኖርባት፣ ከጅማ በብዙ የምታንስ፣ በድሮ ዘመን የፈረስ ጋሪ አለንጋ በማምረት ስም ያወጣች ከተማ ናት። መሥራቾቹ ለሥራው አዲስ አልነበሩም። ባሲስቱ ማይክ ዲአንቶኒዮ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ከተበተነው ኦቨርካስት ከተባለ ባንድ ሲሆን፣ አዳም ዱትኬቪችና ጊታሪስቱ ጆኤል ስትሮዜል ደግሞ አፍተርሾክ ከተባለ ሌላ የፈረሰ ባንድ ነበሩ። አራተኛው ሰው ድምፃዊው ጄሲ ሊች ነው። ዱትኬቪች ያን ጊዜ ከበሮ መቺ ነበር፤ ነገር ግን ቦስተን በሚገኘው በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ የድምፅ ቀረጻና ፕሮዳክሽን የተማረ ሰው ነው። ይህች አንዲት እውነታ በእኔ አስተያየት የባንዱን ዕጣ ከወሰኑት ነገሮች ሁሉ ትበልጣለች። ስማቸውን ያገኙት ከአንድ ታዋቂ የአሜሪካ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ክፍል ርዕስ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ምሥጢር የለውም።

የኦቨርካስት ድምፃዊ የነበረው ብራያን ፌር በበኩሉ ሻዶውስ ፎል ወደተባለው የዚያው ግዛት ባንድ ገባ። አንድ ባንድ ሲፈርስ ሰዎቹ ወደ ሌላ ባንድ እየተሸጋገሩ፣ የተማሩትን ይዘው እየሄዱ ነው ማሳቹሴትስ በዚያ ዘመን የሜታልኮር መንደር የሆነችው። በእኛም ከተማ አንድ የሆቴል ባንድ ሲበተን ጊታሪስቱ ወደ አንዱ፣ ኪቦርዲስቱ ወደ ሌላው እየሄደ አዲስ ድምፅ ሲፈጠር ስላየሁ፣ ይህ የታሪክ ክፍል ከሁሉም ይበልጥ ይቀርበኛል።

እንግዲህ ሜታልኮር የሚባለው በአጭሩ የሁለት ሙዚቃዎች ጋብቻ ነው፤ ከሃርድኮር ፓንክ ቁጣውን፣ ጩኸቱንና ብሬክዳውን የሚባለውን ምቱ ሆን ብሎ ቀርፈፍ ብሎ የሚከብድበትን ክፍል፣ ከሄቪ ሜታል ደግሞ ፈጣኑን የጊታር አጨዋወትና ዜማውን ይወስዳል። በኪልስዊች ኢንጌጅ ውስጥ ያለው የሜታል ወገን ከስዊድኑ የጎተንበርግ ስልት የተቀዳ ነው፤ ሁለት ጊታሮች አንዱን ዜማ በተለያየ ከፍታ ጎን ለጎን ይዘው ይሄዳሉ። የመጀመሪያ መድረካቸውም እ.ኤ.አ. በ1999 ከዚያው ከጎተንበርግ የመጣው ኢን ፍሌምስ በተጫወተበት ምሽት መክፈቻ ሆነው የቀረቡበት ነበር፤ በዚያ ጊዜ አራት ሥራዎች ያሉበት የሙከራ ቅጂ ይዘው ነበር።

የመጀመሪያው አልበም እ.ኤ.አ. በ2000 ፌረት ሚውዚክ በተባለ አነስተኛ አሳታሚ በኩል ወጣ። 9 ሥራዎች አሉት፤ ከግማሽ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ጥንካሬው ጥድፊያው ነው፤ አራት ሰዎች በአንድ ክፍል ውስጥ ተጨናንቀው ሲጫወቱ ያለ ያህል ይሰማል። ጉድለቱም እዚያው ነው። ጊታሩ መካከለኛውን የድምፅ ቦታ በሙሉ ይዞታል፣ ባሱ ከሥሩ ተቀብሯል፣ የሊች ድምፅ ደግሞ ከመሣሪያው ጋር ግብግብ የገጠመ ይመስላል። ይህን በደንብ የተረዳሁት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ከጅሬን በኩል የተነሣ ዝናብ የቤቴን ቆርቆሮ ሲቀጠቅጠው ሲዲው በመጫወት ላይ ነበር። የቆርቆሮ ዝናብ ወፍራሙንም ቀጭኑንም ድምፅ አንድ ላይ የሚሸፍን በመሆኑ ደካማ ሚክስን (የድምፆች ቅልቅልን) ወዲያው ያጋልጣል። ድምፁን ሳልቀንስ ሳልጨምር ቁጭ ብዬ ሰማሁ፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የቀረኝ የከበሮው የላይኛው ምትና የጩኸቱ ጫፍ ብቻ ነበር፤ የተቀረው ከዝናቡ ጋር ተቀላቅሎ ጠፋ። ሲዲውን ቀየርኩና ሁለተኛውን አልበም በዚያው የድምፅ መጠን አስገባሁ። ዝናቡ አልቀነሰም። የጊታሩ ዜማ ግን ከነቅርንጫፉ ተሰማ፣ የእግር ከበሮው አንድ በአንድ ተቆጠረ፣ ዘፋኙ ከሁሉም ፊት ቆመ።

ይህ ልዩነት ከየት መጣ? ከፊሉ መልስ በሁለተኛው አልበም ላይ ዳግም በተቀረጹት ሁለት ዘፈኖች ውስጥ ይገኛል። «ቴምፕል ፍሮም ዘ ዊዚን» እና «ቪዴ ኢንፍራ» የተሰኙት ሥራዎች በሁለቱም አልበሞች ላይ አሉ፤ ስለዚህ አድማጩ አንድን ዘፈን በሁለት ዓመት ልዩነት፣ ያው ሰዎች ሲጫወቱት ማወዳደር ይችላል። እኔ ይህን ሳደርግ አንድ ሙሉ ምሽት አሳልፌበታለሁ። በመጀመሪያው ቅጂ ክፍሎቹ ተራ በተራ እየተገፋፉ ይመጣሉ፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይደርሳል። በሁለተኛው ግን በየክፍሉ መሐል ለትንፋሽ የሚሆን ቦታ ተትቷል። ብሬክዳውኑ ከመግባቱ በፊት ያለችው ቅጽበታዊ ዝምታ በጣም አጭር ናት፤ ነገር ግን ከእርሷ በኋላ የሚወርደው ምት እጥፍ ይከብዳል። ብዙ ሰው ክብደት የሚመጣው ድምፅ በመጨመር ይመስለዋል፤ በሥራዬ ሁልጊዜ የምጋፈጠው ስሕተት ይኸው ስለሆነ፣ ለሚረዱኝ ልጆች እነዚህን ሁለት ቅጂዎች አከታትዬ አሰምቻቸዋለሁ።

የሁለተኛው አልበም ቀረጻ የተመራው በዱትኬቪች ነው፤ የተቀረጸውም እዚያው ዌስትፊልድ ውስጥ ባለው ዚንግ ስቱዲዮ ነው። ድምፁን የቀላቀለው እንግሊዛዊው አንዲ ስኒፕ ነው። ይህ የሥራ ክፍፍል ለውጤቱ ወሳኝ ይመስለኛል፤ የሚቀዳው ሰው ዘፈኑን ከውስጥ ያውቀዋል፣ የሚቀላቅለው ሰው ደግሞ በትኩስ ጆሮ ከውጭ ይሰማዋል። አሳታሚው በዚህ ጊዜ ከፌረት በእጅጉ የሚበልጠው ሮድረነር ሬከርድስ ነበር። ሆኖም ባንዱ ትልቅ አሳታሚ አገኘሁ ብሎ ቀረጻውን ወደ ትልቅ ከተማ አላዛወረም። በአገራቸው ስቱዲዮ፣ በራሳቸው ሰው እጅ ነው የተሠራው። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀን የምንኖር ሰዎች፣ ጥሩ ቀረጻ ሁሉ ዋና ከተማ ሄዶ መሠራት አለበት የሚለው አስተሳሰብ ሥር ስለሰደደብን፣ ይህን ዝርዝር ሳነብ ደስታዬ ከፍ ያለ ነበር።

ለጊታር ተጫዋቾች አንድ ነገር ላክል። ባንዱ የሚጫወተው ድሮፕ ሲ በሚባለው ቅኝት ነው፤ ወፍራሙ ስድስተኛ ክር ከተለመደው ኢ ሁለት ሙሉ ድምፅ ወርዶ ሲ ይሆናል፣ የተቀሩት አምስቱ ደግሞ እያንዳንዳቸው አንድ ሙሉ ድምፅ ይወርዳሉ። ጥቅሙ ሦስቱ ወፋፍራም ክሮች በአንድ ጣት ብቻ ተይዘው ፓወር ኮርድ የሚባለውን ኮርድ ስለሚሰጡ፣ እጅ በፍጥነት ወዲያና ወዲህ መንሸራተት መቻሉ ነው። በሰርግ የምንጫወትበትን ጊታር ወስጄ በዚሁ ቅኝት ሞከርኩት። ክሮቹ ቀጫጭን ስለነበሩ ሲወርዱ ላሉ፤ ስመታቸው ከእንጨቱ ጋር እየተጋጩ ተርገበገቡ፣ ድምፃቸውም ከቅኝት ወጣ። ለዚህ ቅኝት ወፍራም ክር የግድ እንደሆነ በእጄ አረጋገጥኩ፤ እዚህ ከተማ ደግሞ እንዲህ ያለ ክር እስካሁን አላጋጠመኝም። ሪፎቹን፣ ማለትም እየተደጋገሙ የሚመጡትን አጫጭር የጊታር ሐረጎች፣ ለመማር የሚፈልግ ሰው ክሩን አስቀድሞ ቢያስመጣ ይሻለዋል።

ከእኔ ጋር የሚሠራ አንድ ወጣት ባሲስት አለ፤ አልበሙን አብሮኝ ሲሰማ ከሁሉም የገረመው ከበሮው ነበር።

«ጋሼ፣ ይኼን ከበሮ የሚመታው አንድ ሰው ነው?»

«አንድ ነው። ሁለት ፔዳል ስላለው፣ በሁለት እግሩ ስለሚመታ ነው።»

«የቀዳውስ ማነው?»

«እሱው ራሱ።»

ልጁ ዝም ብሎ ቆየና ዘፈኑን ከመጀመሪያው እንድመልሰው ጠየቀኝ። እውነቱም ይኸው ነው፤ በ2002ቱ አልበም የምንሰማው ከበሮ የዱትኬቪች ነው። ከቀረጻው በኋላ ግን ከበሮውን ለቀድሞ የአፍተርሾክ ባልደረባው ለቶም ጎምዝ አስረክቦ እርሱ ወደ ጊታር ተዛወረ። በመድረክ ሁለት ጊታር ከሌለ የአልበሙን ጥምር ዜማ ማቅረብ እንደማይቻል አልበሙን ለሰማ ግልጽ ነው። ዱትኬቪች ከዚያ በኋላ ለሌሎች የአካባቢው ባንዶችም ፕሮዲውሰር ሆኖ ሠርቷል፤ የአንርዝ የ2004ቱ አልበምና የኦል ዛት ሪሜይንስ የ2006ቱ አልበም ከእጁ የወጡ ናቸው።

አሁን ወደ ድምፁ፣ ማለትም ብዙ የአማርኛ አድማጭ ወደሚሸሸው ጩኸት ልምጣ። ጄሲ ሊች ሁለት ድምፅ አለው፤ አንዱ ከጉሮሮ የሚወጣው ጩኸት፣ ሌላው ንጹሕ ዜማ ነው። ጩኸቱን ለመስማት ለእኔ የረዳኝ ሽለላና ፉከራ ነው። ፎካሪ ሲፎክር ድምፁ እንዲያምር አይጠበቅበትም፤ ሊሻክር፣ ሊሰነጠቅ ይችላል። የሚጠበቅበት ቃሉ እንዲለይና ትንፋሹ ስንኙን ሳይጨርስ እንዳያልቅ ነው። በዚህ መስፈርት ሊች በሁለተኛው አልበም ላይ ጥሩ ፎካሪ ነው፤ እንግሊዝኛው ለሚገባው ሰው አብዛኛው ቃል ይሰማል። ንጹሑ ዜማ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አዝማቹ ላይ ይገባል። «ማይ ላስት ሰሪናድ» የተሰኘው ዘፈን ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው፤ ስንኞቹ በጩኸት ይሄዱና አዝማቹ ሲደርስ ዜማው ይከፈታል፣ ወደ መጨረሻው ደግሞ ሁሉም መሣሪያ ለዘብ ብሎ አንድ ለስላሳ መሸጋገሪያ ይመጣና አዝማቹ በአዲስ ጉልበት ይመለሳል። በኋላ የመጡ ብዙ ባንዶች ይህን አሠራር እንደ ደንብ ይዘውት፣ አዝማቹን እንደ ስኳር ከላይ ይነሰንሱታል። እዚህ ግን ዜማው ከጩኸቱ ጋር አንድ ሐሳብ ይዞ ይሄዳል፤ ጩኸቱ ያነሣውን ጥያቄ ዜማው ይመልሰዋል።

የግጥሙም መንፈስ ከዘርፉ ልማድ የተለየ ነው። አልበሙ በስሙ «በሕይወት አለህ ወይስ ትተነፍሳለህ ብቻ?» ብሎ የሚጠይቅ ነው፤ ግጥሞቹም ራስን ስለ መለወጥ፣ ስለ ተስፋ፣ ወድቆ ስለ መነሣት ይናገራሉ። ሞትንና ደምን ብቻ የሚያወሳ ከባድ ሙዚቃ ሰምቶ የተጸየፈ ሰው እዚህ ያን አያገኝም።

ጉድለት የለውም አልልም። ከ12ቱ ሥራዎች መካከል በአልበሙ አጋማሽ ላይ ያሉት አንዳንዶቹ በፍጥነትም በአወራረድም ስለሚመሳሰሉ፣ ሥራ እየሠራ ለሚሰማ ሰው አንዱ ከሌላው ሳይለይ ሊያልፍ ይችላል። ባሱም ከመጀመሪያው አልበም ቢሻልም አሁንም ከጊታሩ ጀርባ ነው፤ ሚክሰሬ ላይ ወፍራሙን ድምፅ ትንሽ ከፍ አድርጌ ነው ዲአንቶኒዮን በሚገባ የሰማሁት። የባንዱን የሽፋን ንድፎች የሚሠራው ይኸው ባሲስት መሆኑን ሳውቅ፣ ዓይን ላይ ጎልቶ ጆሮ ላይ መደበቁ አሳዘነኝ። ከመጨረሻው ዘፈን በፊት የምትመጣው አጭር የመሣሪያ ብቻ ሥራ ግን ጆሮን አሳርፋ ለመዝጊያው ስለምታዘጋጅ በትክክለኛ ቦታዋ ናት። ሱቁ በፊደል ተራ የደረደረልኝ ቅጂ ይህችን ሥራ ከሌላ ቦታ አምጥቶ ስለሰካት፣ ለምን እንደተሠራች እንኳ አልገባኝም ነበር።

አልበሙ በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ሊች ባንዱን ለቀቀ። አዲስ አግብቶ ነበር፣ በጉዞ ብዛት ጉሮሮው ተጎድቶ ነበር፣ ድባቴም ይዞት ነበር፤ መልቀቁንም ለጓደኞቹ ያሳወቀው በኢሜይል ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ አልበሙን ስሰማ፣ ጩኸቱ ምን ያህል እንደሚያስከፍል አላሰብኩም ብል ውሸት ይሆናል፤ ሳይሰለጥኑ በየምሽቱ በዚያ መልክ መጮኽ ጉሮሮን እንደሚያደማ፣ በየሰርጉ ማይክ ሳይበቃቸው የሚጮኹ ዘፋኞችን ስመለከት የኖርኩ ሰው ነኝ። በእርሱ ምትክ ብላድ ሃዝ ቢን ሼድ ከተባለው ባንድ ሃዋርድ ጆንስ መጣ፤ ከዚያው ባንድ ጀስቲን ፎሊም ተከትሎ ከበሮውን ያዘ። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ሦስተኛው አልበም በአሜሪካ ቢልቦርድ 200 ሠንጠረዥ 21ኛ ሆኖ ገባ፤ የአልበሙ መጠሪያ ዘፈንም ለግራሚ ሽልማት ታጨ። የጆንስ ድምፅ ሰፊና ወፍራም ነው፤ ብዙ ሰውም ባንዱን ያወቀው በእርሱ ነው። ሊች እ.ኤ.አ. በ2012 ተመልሷል። እኔ ግን ይህን ግምገማ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሥራዎች የወሰንኩት፣ ሰዎቹ ገና ማንነታቸውን ሲፈልጉ የሚሰሙት በእነዚህ ስለሆነ ነው።

ለሚገዛ ሰው የምመክረው ይህ ነው። በሁለተኛው አልበም ይጀምር፣ በተቻለ መጠን ከሲዲ ወይም ካልተጨመቀ ፋይል ይስማ፣ የስልክ ስፒከር አይጠቀም፤ ድሮፕ ሲ ያልነው ቅኝት የሚኖረው በወፍራሙ ድምፅ ውስጥ ስለሆነ የስልኩ ስፒከር ግማሹን አያወጣውም። ቤቱ ውስጥ ሕፃን የሚያስተኛ ሰው በሄድፎን ቢሰማ ይመረጣል። የመጀመሪያውን አልበም የሚፈልግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 ዳግም የታተመውን ይምረጥ፤ በእርሱ መጨረሻ ላይ የ1999ኙ የሙከራ ቅጂ ሥራዎች ተጨምረዋል። ከእነዚህ መካከል «ሶይልቦርን» አለ፤ ይኸው ዘፈን በዚያው ሲዲ ላይ ስድስተኛ ሆኖ በተሟላ ቅጂ ይገኛል። መጀመሪያ የሙከራውን፣ ቀጥሎ ስድስተኛውን ያጫውት፤ ከዚያ ሲዲውን ቀይሮ በሁለተኛው አልበም ላይ ያለውን «ቪዴ ኢንፍራ» ያስገባ። ሦስቱን አከታትሎ ለመስማት ሩብ ሰዓት አይሞላም።